ከወንዝ ናሙና ስትወስዱ ሰዓታችሁን እዩ

የወንዝ ውሃ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ መቁጠር ሊለማመዱ በየዓመቱ የሚመጡልኝ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ባክቴሪያውን በሙቀት ስለሚያሳድገው ሳጥን፣ ስለ ኢንኩቤተሩ፣ ነው። እኔ ግን ናሙና ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ስንት ሰዓት ላይ ቀዳችሁት?» ብዬ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ጅረት ተላክሁ። ምሳዬን በልቼ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሃው ጥርት ከማለቱ የተነሳ ጠጠሩ ይቆጠራል። በማግስቱ ሳይ አራት ኮሎኒ፣ ማለትም አራት የባክቴሪያ ነጥብ፣ ብቻ! ደስ ብሎኝ መዘገብኩ። በሳምንቱ መኪናው ለሌላ ሥራ ይፈለግ ስለነበር ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ሄድን። ያው ቦታ፣ ያው ድንጋይ። በዚህኛው ፔትሪ ዲሽ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ሳህን) ላይ ግን ቢጫው ኮሎኒ ተያይዞ መቁጠር አቃተኝ። አለቃዬ «እጅሽን ሳትታጠቢ ነው የነካሽው» አለኝ። ታጥቤ ነበር። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የምንቆጥረው፣ ኢኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ፣ ቤቱ የሰውና የከብት አንጀት ነው። እዚያ ሙቀትም ምግብም ጨለማም አለው። ከሰገራ ጋር ወንዝ ሲገባ ምግቡ ይመናመናል፣ ፕሮቶዞዋ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት እየለቀሙ ይበሉታል። ከሁሉም የሚብስበት ግን ፀሐይ ነው። ጥልቀት በሌለው ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ የቀትር ጨረር በሰዓታት ብዙውን ይጨርሰዋል። ማታ ከብቶች ውሃ ጠጥተው ሲመለሱ የጣሉትን ግን ሌሊቱን ሙሉ ፀሐይ አይነካውም። ማለዳ ላይ የምታገኙት እሱን ነው።

ስለዚህ ፀሐይ ሳይጠነክር ቅዱ። እናቶች ጄሪካን ይዘው የሚወርዱትም በዚያው ሰዓት ነው፤ መለካት ያለብን እነሱ የሚጠጡትን ነው። ሰዓቱን ጻፉ። ቅጹ ቦታ ከሌለው ጠርዙ ላይ ጻፉ።

አሁን ወደ ጭቃው። ጭቃ የባክቴሪያ ጎተራ ነው። ብርሃን አይደርስበትም፣ ምግብም አለበት። ከላይ ያለው ውሃ ውስጥ ያለው አልቆ እንኳ ደለሉ ውስጥ ያለው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። አንዴ ጣና ዳር፣ ደንገሉ አጠገብ፣ ሆን ብዬ ሞክሬዋለሁ። አንድ ጠርሙስ ሳልረግጥ ቀዳሁ። ከዚያ ታችኛውን ጭቃ በቦቲዬ በጥብጬ ሌላ ቀዳሁ። ሁለቱ ከአንድ ሐይቅ የተቀዱ አይመስሉም ነበር። በክረምት ጎርፍ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ ከሜዳ የታጠበውን ያመጣል፣ የተኛውንም ይቀሰቅሳል።

ወንዝ ውስጥ ስትገቡ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ። እግራችሁ የበጠበጠው ወደ ኋላችሁ ይሂድ። የተቀቀለውን ጠርሙስ በውሃው አታለቅልቁት። ክዳኑን ክፈቱ፣ ውስጡን በጣት አትንኩ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አጥልቁ። ከዚያ አፉን ወደ ወራጁ አዙሩት። ሲሞላ አውጡና ከላይ ትንሽ አየር ተዉለት፤ በኋላ መነቅነቅ አለበት። ከላይ በኩል ከብት እየተሻገረ ከሆነ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እኔ አንዴ የአንድ መንደር መንጋ እስኪያልፍ ቆሎዬን ጨርሻለሁ።

የእናቴ አገር ሰዎች ከጉና ተራራ ሥር የሚወርደውን ውሃ «በረዶ ነው፣ ምን ይኖርበታል?» ይሉታል። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያው ከሞቀው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቆያል። እኛም ይህንኑ ጠባዩን እንጠቀምበታለን፦ ጠርሙሱን ወዲያው በረዶ ያለበት አይስ ቦክስ ውስጥ እንከተዋለን። ብርድና ጨለማ ሲያገኝ አይባዛም፣ ቶሎም አይሞትም። ቢቻል በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ግፋ ቢል በ24 ሰዓት ውስጥ ሥሩት። መኪናው ጋቢና ላይ ወርውሮ ቡና ለመጠጣት መቆም የለም።

ቢሮ ስትደርሱ አሠራሩ ቀላል ነው። 100 ሚሊ ሊትር ባክቴሪያ በማያሳልፍ በ0.45 ማይክሮን ፊልተር ታሳልፋላችሁ። ውሃው ድፍርስ ከሆነ 10 ይበቃል፣ ውጤቱን በ10 ታባዛላችሁ። ፊልተሩን የባክቴሪያው ምግብ በፈሰሰበት ንጣፍ ላይ ታሳርፋላችሁ። ብዙ ሰው የሚዘለው ግን ቀጣዩን ነው፦ ቀጥታ ወደ 44 ዲግሪው ኢንኩቤተር አታስገቡት! ፀሐይ የጎዳው ባክቴሪያ አልሞተም፤ ደክሟል። በክፍሉ ሙቀት ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አራት፣ ይረፍ። ካላረፈ ኢንኩቤተሩ ይገድለውና የሌለ ይመስላችኋል። ከዚያ እኛ ጋ ባለው ተንቀሳቃሽ ኪት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። ቢጫዎቹን ብቻ ቁጠሩ።

ለመጠጥ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር አንድም ኢኮላይ መገኘት የለበትም ይላል። ዜሮ ስታገኙ ግን ቶሎ አትፈንድቁ። ጃርዲያ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከኢኮላይ የበለጠ ይቆያል፣ ለፀሐይም ሆነ ለክሎሪን እንደ እሱ ቶሎ አይረታም። ከወንዝ የቀዳ ሰው ያፍላው። ባሕር ዳር ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፣ ይሁንና ለእነዚህ በቂ ነው፤ እኔ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቆየዋለሁ።

ስለ ሰዓቱ ያልኩትን የማያምን ካለ ይሞክረው። ደመና የሌለበት ቀን ይምረጥ። ከአንድ ድንጋይ ሥር አንዱን ማለዳ አንድ ሰዓት፣ ሌላውን ስምንት ሰዓት ላይ ይቅዳ፤ ሁለቱንም እንደቀዳ ወዲያው በረዶ ውስጥ ይክተት። ጠርሙሶቹ ላይ መጻፍ እንዳይረሳ ብቻ፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ሳይጽፉ መጥተው የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲከራከሩ አመሹ።