የመካከለኛው ዘመን ሕንድን በቅመም ማስተማር

በለገጣፎም ሆነ በሱሉልታ የታሪክ ክበብ የሚመራ መምህር የመካከለኛውን ዘመን ሕንድ ከነገሥታት ስም ባይጀምር ይመረጣል። ተማሪው የዴልሂን ሱልጣኖች ለፈተና ይሸመድዳል፣ በማግስቱ ይረሳል። መነሻው ጓዳ ይሁን፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ጉሊት ላይ አለ።

ለ50 ተማሪ 50 ግራም ቁንዶ በርበሬ፣ ከሄል፣ ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከኮረሪማ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ አንድ ራስ ዝንጅብል፣ አንድ ክንድ አቡጀዲ እና መስመር የሚሰመርበት አመድ ይበቃል። ቅመሙ ያልተፈጨ ይሁን፤ ዱቄቱን ንፋስ ይበትነዋል፣ ፍሬና ቅርፊቱም አይለይም። ጿሚ ተማሪ ስለማይጠፋ ያሽትቱ እንጂ አይቅመሱ።

በርበሬና ሚጥሚጣ ግን አይቅረቡ። ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ዘራቸው የአሜሪካ ነው፣ ሕንድ የደረሱትም ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እ.ኤ.አ. የማላባር ወደብ ካሊከት ከገባ በኋላ ነው። ኮረሪማ የኛው ነው፤ ከሄል ጋር ያነጻጽሩት። ቅርንፉድም በሕንድ ወደቦች አለፈ እንጂ የበቀለው ዛሬ የኢንዶኔዥያ በሆኑት በሞሉካ ደሴቶች ነው። የማላባር፣ ማለትም የሕንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ሀብት ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ነበር፣ በሰሜን ምዕራብ ያለው የጉጃራት ደግሞ የጥጥ ጨርቅ።

ካርታው ሜዳ ላይ ይሰመር፤ 1 ሜትር 500 ኪሎ ሜትር ነው። ለአዲስ አበባ ድንጋይ ያስቀምጡ። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 1.6 ሜትር ላይ የየመኗ ኤደን፣ ከኤደን ወደ ምሥራቅ 6.7 ሜትር ላይ ካሊከት፣ ከካሊከት ወደ ሰሜን 2.5 ሜትር ላይ የጉጃራቷ ካምባይ ትሆናለች። ሸቀጡ በየወደቡ፣ አቡጀዲው ካምባይ ላይ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ነፋሱ ነው፤ ይህን ሳያጣድፉ ያስተምሩ። «ክረምት» ሲባል ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ይነፍሳል፣ ተማሪዎቹ ከኤደን ወደ ካሊከት ይሄዳሉ። «በጋ» ሲባል ከሰሜን ምሥራቅ ይዞራል፣ ይመለሳሉ። ሰኔና ሐምሌ ላይ ማዕበሉ ስለሚበረታ የማላባር ወደቦች ይዘጋሉ፤ የኤደን መርከብ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ይነሣ ነበር። ጥሪው ያመለጠው ተማሪ ቆሞ ይጠብቅ። ነጋዴውም እንዲሁ ወራት እየጠበቀ ነው በባዕድ ወደብ ቤት የሠራው፣ ያገባው፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ያቆመው።

ሃይማኖትን ማስገባት ያለብዎት እዚህ ላይ ነው። ቀድመው ካስገቡት ተማሪው «ሕንድ ማለት ሂንዱ» ወደሚል ድምዳሜ ይሄዳል። በ849 እ.ኤ.አ. በማላባር ወደብ በኮላም ለክርስቲያን ነጋዴዎች መብት የሰጠውን የመዳብ ጽሑፍ ያንሱ፤ ምስክሮቹ በዓረብ፣ በፋርስና በዕብራይስጥ ፊደል ፈርመውበታል። የሂንዱ ቤተ መቅደስም መስገጃ ብቻ አልነበረም። በ1010 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው በደቡብ ሕንድ ያለው የታንጃቩር ቤተ መቅደስ ለመንደሮች በዓመት 12.5 በመቶ ወለድ ያበድር ነበር። «800 ሳንቲም ብንበደር ወለዱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ 100 ነው።

ስለ ማኅበራዊ ክፍፍል ሲያስረዱ አራት ደረጃ ያለው መሰላል ብቻ ሥለው አይለፉ። ቫርና የሚባሉት አራቱ ደረጃዎች የመጻሕፍት አከፋፈል ናቸው፤ የዕለት ኑሮን፣ ጋብቻንና ማዕድን የሚወስኑት ቁጥራቸው እጅግ የበዛው ጃቲዎች፣ ማለትም ሰው በትውልድ የሚገባባቸው ማኅበረሰቦች፣ ነበሩ። እንደ ከቢር ያሉ የባክቲ (ለፈጣሪ ያለ ፍቅርን የሚያስቀድም እንቅስቃሴ) ገጣሚዎች የተነሡትም ይህን አጥር በመቃወም ነው።

ዓመት ሁሉ «እ.ኤ.አ.» ይጻፍበት፤ አለዚያ ተማሪው በራሱ አቆጣጠር ወስዶ ሰባት ስምንት ዓመት ይስታል።

የመጨረሻውን 10 ደቂቃ በሕንድ ለኖሩ ሐበሾች ያቆዩ። ሐበሻው ያቁት በዴልሂ ገዥ በራዚያ ሱልጣና ዘመን (1236–1240 እ.ኤ.አ.) በቤተ መንግሥቷ ከፍ ያለ ቦታ ይዟል። በባርነት የተሸጠው ማሊክ አምባር ደግሞ በሕንድ የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ በ1626 እ.ኤ.አ. ሞተ። አንድ ተማሪ ከአዲስ አበባው ድንጋይ ተነሥቶ፣ በኤደን አልፎ፣ እስከ ሕንድ የእነርሱን መንገድ ይራመድ።