የካርድ ክፍልን ሰልፍ በዲዛይን ቲንኪንግ እንዴት ማቃለል ይቻላል?

በጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሰልፍ ሲረዝም ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ኮምፒውተር መግዛት ወይም ሠራተኛ መጨመር ነው። ዲዛይን ቲንኪንግ የተባለው የችግር መፍቻ ዘዴ ግን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሰልፉ ውስጥ የቆመውን ሰው ማጥናትን፣ በርካሽ መሞከርንና ሙከራው ባሳየው ልክ ማስተካከልን ይጠይቃል። እዚህ የቀረበው አካሄድ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወይም ለትምህርት ቤት ምዝገባም ይሆናል።

ቡድኑ ከ4 እስከ 6 ሰው ይኑረው፦ የካርድ ክፍል ሠራተኛ፣ ነርስ፣ ጥበቃ፣ ቢያንስ አንድ ተገልጋይ። ጥበቃውን አትርሱ። እንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ስለሆነ ሰዉ የት የት ግራ እንደሚጋባ ከማንም በላይ ያውቃል። ዕቃው ቀላል ነው፤ ኤ4 ወረቀት፣ ማርከር፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ካርቶንና ሰዓት ይበቃል።

ማየትና መጠየቅ

ለዚህ ሦስት ጠዋት መድቡ፤ አንዱ የገበያ ቀን ይሁን። ከ6 እስከ 8 ታካሚዎችን አስፈቅዳችሁ ከግቢው በር እስከ መድኃኒት መስጫው ተከተሉ። በየመስኮቱ የደረሱበትንና የለቀቁበትን ሰዓት፣ ስንቴ አቅጣጫ እንደጠየቁ፣ ከየት እንደተመለሱ ጻፉ። ስማቸውንና ሕመማቸውን አትመዝግቡ፤ ምርመራ ክፍልም አትግቡ። ስትመርጡ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ማንበብ የማይችሉ አዛውንት፣ የጤና መድን አባልና ካርዱ የጠፋበት ሰው ይካተቱ። ጤነኛና የተማረ ወጣት ሳያየው የሚያልፈው እንቅፋት እነሱ ላይ ገሃድ ይወጣል።

«አገልግሎቱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሆናል። ይሉኝታ አለ፤ ጠያቂው ነጭ ጋዋን ከለበሰ ደግሞ ጭራሽ እውነቱ አይወጣም። ጋዋኑን አውልቁና ስለሆነ ነገር ጠይቁ፦ «ባለፈው ሲመጡ ከቤት በስንት ሰዓት ወጡ?»፣ «መጀመሪያ ወዴት ሄዱ?»፣ «እዚያ ምን አሉዎት?»። ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ነው።

ከመስኮቱ ወዲያ ያለውንም እዩ። ካርድ የሚፈለገው በስም ከሆነ «ኃይሉ» በአንዱ ቀን በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው ሁለት ቦታ ይፈልጋል፣ ካጣው አዲስ ካርድ ያወጣል፣ የታካሚውም የሕክምና ታሪክ ለሁለት ይከፈላል።

ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስፈር

ያያችሁትን አንድ በአንድ በየወረቀቱ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ የሚመሳሰሉትን አሰባስቡ። ከዚያ ማን፣ ምን እንደሚቸግረውና ለምን እንደሆነ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አውጡ። ለምሳሌ፦ «ካርዳቸውን ረስተው የመጡ አዛውንት ቁጥራቸውን ስለማያስታውሱ ሠራተኛው መዝገብ ሲያገላብጥ ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ይቆማል።» ዓረፍተ ነገሩ «ኮምፒውተር ስለሌለ» ካለ መፍትሔው ተሸሽጎ ገብቷልና እንደገና ጻፉት።

ይህ ደረጃ ሥራውን ሁሉ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ርካሽ የሆስፒታል ማሞቂያ እንዲነድፉ ተሰጣቸው። ኔፓል ሄደው ሲያዩ ግን ከሚቸገሩት ብዙዎቹ ከሆስፒታል ርቀው፣ ገጠር ውስጥ የሚወለዱ ነበሩ። ጥያቄውን ቀየሩት፤ ኢምብሬስ የተባለው፣ ሙቀት የሚይዝ ሰም መሰል ነገር ያለበት የሕፃን መጠቅለያ የተወለደው ከዚያ ነው።

ሐሳብ ማውጣት

እያንዳንዱ ሰው አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፎ 8 ሳጥን ያውጣ። በ8 ደቂቃ ውስጥ፣ ማንም ሳይናገር፣ በየሳጥኑ አንድ ሐሳብ ይሣል። ስም ሳይጻፍበት ይለጠፍ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሦስት ሦስት ነጥብ እያደረጉ ይምረጡ። ዝምታው የግድ ነው። አለቃ ወይም ታላቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ሌላው አክብሮ ይስማማል፤ አዲሱም ሐሳብ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ኃላፊው ሥራውን ይፍቀዱ፣ ውጤቱን ይቀበሉ፤ በዚህ ሰዓት ግን ባይገኙ ይመረጣል።

መሥራትና መሞከር

የተመረጠው ካርድ ለጠፋበት ሰው ለብቻው መስኮት መክፈት ነው እንበል። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ማንበብ ለማይችልም የሚገባ ሥዕል ያለበት የካርቶን ምልክት፣ አለቀ። ከግማሽ ቀን በላይ አትሥሩበት። የተዋበ ነገር ሲያዩ ሰዎች ለመተቸት ያፍራሉ፤ የሠራውም ሰው መጣል ያሳሳዋል። የድንገተኛ ሕሙማንን ቅደም ተከተልና ዋናውን መዝገብ በሙከራ ውስጥ አትንኩ።

ለመጀመሪያው ዙር 5 ሰው ይበቃል። አታስረዱ፤ ሥራ ስጡ፦ «ካርድዎ ጠፍቷል እንበል፤ ምን ያደርጋሉ?»። ሦስቱ ወደተሳሳተው መስኮት ከሄዱ ምልክቱን ቀይሩት። አፋቸው «ጥሩ ነው» ቢልም እግራቸው የሄደበትን እመኑ። ኢምብሬስም ህንድ ውስጥ ሲሞከር አንዲት እናት ሙቀቱን ከተባለው 37 ዲግሪ ዝቅ እንደምታደርገው ተናገረች፤ ከውጭ የመጣ መድኃኒት ይበረታል ብላ ስለምታምን መጠኑን መቀነስ ልማዷ ነበር። ቡድኑ ቁጥሩን አስወግዶ ልክ መሆኑን ብቻ የሚያሳይ ምልክት ተካበት። ቢሮ ተቀምጦ ይህን የሚገምት ሰው አይኖርም።

ከዚያ ለአንድ ሳምንት አሠሩት። የቆይታውን ጊዜ መጀመሪያ በለካችሁበት የሳምንቱ ቀንና ሰዓት ለኩ፤ የገበያ ቀንን ከተራ ቀን ጋር ማወዳደር ያሳስታል። በብዙ ቦታ ነገሩ የሚከሽፈው እዚህ ነው፦ የአንድ ቀን ሥልጠና ይሰጣል፣ ግድግዳው በወረቀት ይሞላል፣ ሰኞ ጠረጴዛውን የሚያወጣ ሰው ግን አልተመደበም። ሙከራው ሳይጀመር የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ የትኛው ቀን እንደሚገመገምና በምን ያህል ደቂቃ ካልቀነሰ እንደሚቆም ጽፋችሁ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ለጥፉ።