የኤኤም ድምፅ የት ይበላሻል? ሞዱሌሽንና ዲሞዱሌሽን በተግባር

በኤኤም ስርጭት ድምፅ የሚጓዘው ጣቢያው በሚልከው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሞገድ፣ ማለትም በተሸካሚው ሞገድ ቁመት ላይ ተጭኖ ነው። መጫኑ ሞዱሌሽን፣ በተቀባዩ መልሶ ማውጣቱ ዲሞዱሌሽን ይባላል። የተሸካሚው ፍሪኩዌንሲ አይለወጥም፤ የድምፁ ቮልቴጅ ሲወጣ የሞገዱ ቁመት ያድጋል፣ ሲወርድ ያንሳል። የሞገዱን ጫፎች የሚያያይዘው መስመር ኢንቨሎፕ ይባላል፤ ቅርፁም የድምፁ ቅርፅ ነው። የተቀባዩ ሥራ ይህን መስመር ሳያጎድሉ ማውጣት ነው።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ በመካከለኛ ሞገድ የሚታወቅበትን 873 ኪሎ ኸርዝ እንውሰድ። የ1 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ ሲጫንበት ሦስት ሞገዶች ይገኛሉ፦ 873 ላይ ተሸካሚው፣ 872 እና 874 ላይ ደግሞ ሁለቱ ሳይድባንዶች። መልእክቱ ያለው በሳይድባንዶቹ ብቻ ነው። በአፍሪካና በአውሮፓ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች የሚደለደሉት በየ9 ኪሎ ኸርዙ ስለሆነ፣ ከ4.5 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሆነ ድምፅ ወደ ጎረቤት ጣቢያ መስመር ይገባል። ሙዚቃ በኤኤም ደብዘዝ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሞዱሌሽኑን ጥልቀት (ድምፁ የተሸካሚውን ቁመት ምን ያህል እንደሚለዋውጥ) ለመለካት ሲግናል ጄነሬተርን (የሙከራ ሞገድ የሚያመነጭ መሣሪያ) በኬብል በቀጥታ ከኦሲሎስኮፕ (የሞገድን ቅርፅ በስክሪን ከሚያሳይ መሣሪያ) ጋር ያገናኙ። አንቴና አይሰኩ፤ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል። ኦሲሎስኮፑ ትሪገር የሚያደርገው (ምስሉን መሳል የሚጀምርበትን ቅጽበት የሚይዘው) በ1 ኪሎ ኸርዙ ድምፅ ይሁን፤ በተሸካሚው ከሆነ ምስሉ ይደበላለቃል። ከዚያ ሞገዱ በጣም ሲሰፋና በጣም ሲጠብ ያለውን ቮልቴጅ ያንብቡ። 6 ቮልት እና 2 ቮልት ከሆነ ልዩነታቸው 4፣ ድምራቸው 8 ነው፤ ልዩነቱ ለድምሩ ሲካፈል ጥልቀቱ 50 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በ100 በመቶ ጥልቀት፣ ተሸካሚው 100 ዋት ቢሆን ሁለቱ ሳይድባንዶች በድምሩ 50 ዋት ይይዛሉ። በ50 በመቶ ግን 12.5 ዋት ብቻ ነው። ከ100 በመቶ ሲያልፍ ኢንቨሎፑ የድምፁን ቅርፅ ያጣል፣ ሳይድባንዱም ወደ ጎረቤት ይረጫል። ይህን ማንም ተቀባይ መልሶ አያስተካክለውም።

አሁን ኢንቨሎፑን ወደሚያወጣው የተቀባዩ ክፍል፣ ወደ ዲቴክተሩ። በፌራይት ዘንግ ላይ 240 ማይክሮ ሄንሪ የሚሆን ኮይል ይጠምጥሙ። እንደ ዘንጉ ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ዙር ይበቃል። መሃሉ ላይ አንድ መውጫ ይተዉ። ከኮይሉ ጋር 365 ፒኮፋራድ ተለዋዋጭ ካፓሲተር በፓራለል ያያይዙ፤ 873 ላይ የሚያርፈው ወደ 138 ፒኮፋራድ አካባቢ ነው። የኮይሉ አንድ ጫፍ ወደ ግራውንድ ይሂድ፣ ከመሃሉ መውጫ ላይ ደግሞ 1ኤን34ኤ ወይም ኦኤ91 የጀርመኒየም ዳዮድ ይበየድ። ተራ የሲሊከን ዳዮድ ከ0.6 ቮልት ገደማ በታች በደንብ ስለማይከፈት ደካማ ሲግናል ይዋጣል። ዳዮዱን ከኮይሉ የላይኛው ጫፍ ላይ ማገናኘትም አይመከርም፤ ኮይሉን ስለሚጫነው መለየት ያቅተውና ሁለት ጣቢያ በአንዴ ይሰማል።

ከዳዮዱ ማዶ ወደ ግራውንድ ሬዚስተርና ካፓሲተር በፓራለል ይገባሉ። አብዛኛው ጥፋት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ካፓሲተሩ ቀዳዳ ያለው ጀሪካን ነው፦ ዳዮዱ ይሞላዋል፣ ሬዚስተሩ ያፈሰዋል። ቶሎ ከፈሰሰ ተሸካሚው ሞገድ ከድምፁ ጋር ሾልኮ ይወጣል፤ ከዘገየ ኢንቨሎፑ ወደ ታች ሲወርድ ሊከተለው አይችልም። ብዙዎች 47 ኪሎ ኦም እና 1 ናኖፋራድ ያደርጋሉ። ሁለቱ ሲባዙ የመፍሰሻው ጊዜ 47 ማይክሮ ሴኮንድ ነው፤ ለ4.5 ኪሎ ኸርዝ ድምፅ የሚያገለግለው እስከ 60 በመቶ ጥልቀት ብቻ ነው። ካፓሲተሩን ወደ 470 ፒኮፋራድ ይቀንሱት። 22 ማይክሮ ሴኮንድ ይሆንና እስከ 85 በመቶ ገደማ ያስኬዳል። ተሸካሚው አንድ ዙር የሚጨርሰው በ1.15 ማይክሮ ሴኮንድ ስለሆነ አሁንም በደንብ ይጣራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማጉያ ዲቴክተሩን መጫን የለበትም። የተለመደው የማጉያ ቺፕ የኤልኤም386 መግቢያ 50 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በቀጥታ ከተያያዘ ድምፁ የሚያየው ጭነት ወደ 24 ኪሎ ኦም ይወርዳል፤ ከ47 ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ነው፣ ስለዚህ ከ50 በመቶ ጥልቀት በላይ ድምፁ ይቆረጣል። በመካከል ጄፌት (መግቢያው ዲቴክተሩን ብዙም የማይጫን የትራንዚስተር ዓይነት) ያስገቡ፦ ከጌቱ ወደ ግራውንድ 1 ሜጋ ኦም፣ ከሶርሱ 4.7 ኪሎ ኦም፣ ድሬኑ ወደ 9 ቮልት። ድምፁ ከሶርሱ በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ማጉያው ያልፋል።

ለመፈተሽ ከጄነሬተሩ የሚመጣውን ሽቦ ዘንጉ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠምጥሙና ጥልቀቱን 80 በመቶ ያድርጉ። ፕሮቡን ኮይሉ ላይ አያስነኩ፤ የራሱ ካፓሲታንስ ጣቢያውን ያዛባዋል። ሬዚስተሩ ላይ ያድርጉት። ምስሉ ሲወርድ ቀጥ ያለ ሰያፍ መስመር ከሠራ ካፓሲተሩ ትልቅ ነው። የሸለቆው ወለል ጠፍጣፋ ከሆነ ችግሩ የማጉያው ጭነት ነው። ፈተናውን በ1 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ካደረጉት ሰያፉ ላይታይ ይችላል፤ ወደ 4 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ያድርጉት።

ጩኸት ሲበዛ መጀመሪያ የስልክ ቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ያጥፉ፣ ከዚያ ዘንጉን ያዙሩ፤ የፌራይት አንቴና በጫፎቹ አቅጣጫ የሚመጣውን ሲግናል በጣም ስለሚያዳክም ረባሹን ወደዚያ ማድረግ ይቻላል። ሌሊት የሩቅ ጣቢያ ድምፅ አንዳንዴ ተቀድዶ ተመልሶ የሚጠራ ከሆነ ግን ዲቴክተሩን አይንኩ። ከአየኖስፌር (ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር) ተንጸባርቆ የሚመጣው ሞገድ በሌላ መንገድ ከደረሰው የዚያው ጣቢያ ሞገድ ጋር ሲጋጭ ተሸካሚው ለብቻው ስለሚደክም ኢንቨሎፑ ተበላሽቶ ነው የሚደርሰው። ለዚህ የሚበጀው ተሸካሚውን እዚያው ተቀባዩ ውስጥ በፌዝ አዛምዶ የሚተካ ሲንክሮነስ ዲቴክተር ነው።