ቴምዝ ላይ በጀልባ መዋል ለምትፈልጉ፦ ከሄንሊ ወደ ታች

ለንደን እየኖራችሁ ቴምዝን ከድልድይ ላይ ብቻ የምታዩ ከሆነ ገና አላያችሁትም። አንድ ቀን ቴምዝ ዳር ወዳለችው ሄንሊ ከተማ ሂዱ። ከፓዲንግተን ተሳፍራችሁ ትዋይፎርድ ላይ ባቡር ትቀይራላችሁ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ወንዙ ከጣቢያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

እዚያ ራሳችሁ የምትነዷቸው ትንንሽ ጀልባዎች በሰዓት ወይም በቀን ይከራያሉ። ፈቃድ አያስፈልግም፣ አነዳዱን አሳይተው ይሰጧችኋል። የኤሌክትሪክ ካገኙላችሁ እሱን ውሰዱ፣ ጨዋታችሁን ሞተር አይረብሸውም። ፀሐይ ለወጣበት ቅዳሜና እሑድ ቀድማችሁ ያዙ። በጁላይ መጀመሪያ ግን ተዉት፤ ከ1839 ጀምሮ የሚካሄደው የቀዘፋ ውድድር ከተማውንም ወንዙንም ያጨናንቀዋል።

ብዙ ሰው ከሄንሊ በታች ስላለችው ከተማ «ማርሎው ደርሰን እንመለሳለን» ብሎ ይነሣል። አይሆንም! የፍጥነት ገደቡ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ በመሃል ሦስት ሎክ (ጀልባ የሚወርድበትና የሚወጣበት የውሃ በር) አለ፣ ደርሶ መልስ ስድስት ሆነ ማለት ነው፣ በየሎኩ ደግሞ ወረፋ አለ። ስትመለሱም ውሃው ወደ ኋላ ይገፋችኋል። ሀምብልደን ሎክን አልፋችሁ ትንሽ መንሸራሸር በቂ ነው፤ ለአራት ሰዓት ከተከራያችሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አዙሩ።

ሎክ የሚያስፈራው ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለት በር የተዘጋ የውሃ ክፍል ነው፤ ገብታችሁ በሩ ከተዘጋ በኋላ ውሃው ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ጀልባውም አብሮ ይወርዳል። ሞተር አጥፉ። ገመዱን ዳር ባለው ምሰሶ ዙሩበትና ጫፉን በእጃችሁ ያዙ፣ እንዳታስሩት! ከታሰረ ውሃው ሲሸሽ ጀልባው ይንጠለጠላል። ግድግዳው ላይ ምልክት የተደረገበት መስመር ታያላችሁ፤ ከኋላችሁ ካለው በር ሥር የድንጋይ ደረጃ ስላለ የጀልባው ኋላ ከመስመሩ ወደ ፊት መሆን አለበት። የሎክ ጠባቂ ካለ ያዘዛችሁን አድርጉ፣ አትከራከሩት።

መኪና በግራ የሚነዱት እንግሊዞች ወንዝ ላይ ቀኝ ይይዛሉ፣ እናንተም ቀኝ ያዙ። ቀዛፊዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚመጡት፣ ስለማያዩዋችሁ እናንተ ተጠንቀቁላቸው።

እንጀራ ብትይዙ ፍርፍር ወይም ደረቅ ጥብስ ይሁን፤ ቀይ ወጥ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ለነጭ ልብስ አይሆንም። ለምሳ ጀልባ ከማሰራችሁ በፊት ሰሌዳውን አንብቡ፣ ብዙው ዳርቻ የግል ነው። ለልጆች ላይፍ ጃኬት ጠይቁ፣ የሚነዳው ሰው ቢራውን ማታ ይጠጣ።

ከመሄዳችሁ በፊት የወንዙን ሁኔታ ኢንተርኔት ላይ እዩ። ሎኮቹ ላይ ቀይ ሰሌዳ ከተሰቀለ ጅረቱ ኃይለኛ ነው፤ የዚያን ቀን ጀልባውን ትታችሁ ወንዝ ዳር በእግር ተንሸራሸሩ።