የተሰፋ ሜኒስከስ ተመልሶ እንዳይቀደድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው ገና ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ታካሚው «የተቀደደው ተቆርጦ ይውጣልኝና ልገላገል» ሲል ነው። ጉልበት ውስጥ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል የሚገኙት ሁለቱ ጨረቃ መሰል ልም አጥንቶች፣ ማለትም ሜኒስከሶቹ፣ የሰውነትን ክብደት ተቀብለው የሚያከፋፍሉ ናቸው። ፌርባንክ የተባለ ሐኪም ሜኒስከስ የወጣላቸውን ጉልበቶች በራጅ መርምሮ የመገጣጠሚያው ክፍተት እንደሚጠብ፣ ማለትም መገጣጠሚያው እንደሚጎዳ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1948 ነበር። በእርግጥ ሁሉም ቅዳጅ አይሰፋም፤ ደም ሥር የሚደርሰው በውጨኛው ጠርዝ ብቻ ስለሆነ፣ ደም የማያገኘው የውስጠኛው ክፍል ቢሰፋም የመግጠም ዕድሉ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቅዳጁ የት እንደሆነና መስፋት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሕመም ሲጠፋ ድኛለሁ ማለት ነው። ክሩ የተቀደደውን ጠርዝ ከጠርዝ አገናኝቶ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ቅዳጁ እንዲገጥም የሚያደርገው ደምና ጊዜ ነው፣ ይህም ወራት ይወስዳል። አብዛኞቹ ሐኪሞች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ጉልበት ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ የሚያዙት፣ ክብደት ተሸክሞ በጥልቀት ሲታጠፍ የጭን አጥንት የሜኒስከሱን የኋላ ክፍል ስለሚጫነው ነው። በእኛ ቤት ይህ ትእዛዝ የሚጣሰው ሳይታወቅ ነው፦ ቡና ሲፈላ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ቁጭ ሲባል፣ የወደቀ ሲኒ ለማንሳት ቁጢጥ ሲባል፣ መቀመጫ በሌለው መጸዳጃ ቤት፣ በስግደትም ጊዜ። ከፍ ያለ ወንበር አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ስለ ስግደቱም የንስሐ አባትን ማማከር፣ ሙስሊም ከሆኑም ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ይቻላል። ቁጢጥ ማለት ለብዙዎች እስከ 4 ወር ገደማ፣ ለአንዳንዶችም ከዚያ በላይ ይከለከላል።

ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ጉልበትን ማስጠምዘዝ ስፌቱን ሊበጥሰው ይችላል። ባት ሲያብጥና ሲያም ማሳሸት ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል፤ እብጠቱ የረጋ ደም ከሆነ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል፣ በዚያው ዕለት ሐኪም ቤት መድረስ የግድ ነው።

በተቃራኒው ፈርቶ እግርን ጨርሶ አለማንቀሳቀስም ይጎዳል፣ የጭን ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይሟሽሻልና። ፊዚዮቴራፒስቱ ከፈቀደ በኋላ እግርን ዘርግቶ፣ የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበት ሥር አድርጎ ወደ ታች መጫንና 5 ሰከንድ መያዝ አልጋ ላይ ሆኖ የሚሠራ ነው። ሲጋራም የቁስሉን መዳን ያዘገያል።

ኳስ ለመጫወት የሚቸኩል ወጣት ወራቱን ብቻ መቁጠር የለበትም፤ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ወር ቢባልም፣ የታከመው እግር ጥንካሬ ከጤነኛው ጋር ተለክቶ ሲቀራረብ ነው ሐኪሙ ሜዳ የሚያስገባው።