ስልክ ሲወሰድበት እሪ የሚልን ልጅ ያለ ቁንጥጫ እንዴት ማስለመድ ይቻላል

ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሞላው ስልኬን ከእጁ መቀበል ለቤቱ ሁሉ ጭንቀት ሆኖ ነበር። እሪ ይላል፣ ምንጣፉ ላይ ይንከባለላል። ቆንጥጬዋለሁ፣ "ጅቡን ልጥራልህ" ብዬም አስፈራርቼዋለሁ። ቁንጥጫው ለዚያች ሰዓት ዝም ያሰኘዋል፤ በማግስቱ ግን ታናሽ እህቱን ሲቆነጥጣት አገኘሁት። ከጅቡ ወሬ በኋላ ደግሞ ሽንት ቤት ብቻውን መግባት ፈራ። ሁለቱንም ተዉአቸው።

1. ልኩን ይወስኑ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች ስክሪን ላይ የሚቆዩበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ ካነሰም ይመረጣል። እኛ ቤት ከመክሰስ በኋላ ሁለት አጫጭር የልጆች ፊልም ሆነ። "አሥር ደቂቃ" ለሕፃን ምንም ማለት አይደለም፣ "ሁለት ፊልም" ግን ይገባዋል።

2. አስቀድመው ይንገሩት። ከማዕድ ቤት ሆኖ መጣራት አይሠራም። አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ዓይኑን እያዩ "ይቺ ስታልቅ ስልኩን ትሰጠኛለህ" ይበሉት። "ትሰጠኛለህ ወይ?" ብለው አይጠይቁት፤ ከጠየቁት "እምቢ" ሊልም ይችላል።

3. ሲያለቅስ አይመልሱለት። ከባዱ ይሄ ነው። ሁለት ቀን ጸናሁ። በሦስተኛው ቀን እንግዳ ቤቱን ሞልቶት ሳለ ልጁ ሲጮህ እናቴ "ኧረ አታስለቅሺው" አለችኝ፤ አፈርኩና ስልኩን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ለቅሶው እጥፍ ሆነ። ለካ "ረዘም አድርጌ ከጮህኩ ይሰጡኛል" የሚለውን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። እንዲህ ያለ ጸባይ ሊተው ሲል መጀመሪያ ሊብስበት ይችላል፤ ብዙ ወላጅ የሚሸነፈውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ እንግዳ የማይመጣበትን ሳምንት ይምረጡ፣ ከአባቱ፣ ከአያቱና ከሠራተኛዋ ጋር ቀድመው ይስማሙ። አንድ ሰው ተደብቆ ከሰጠው የሁላችሁም ድካም ከንቱ ነው።

ለቅሶው ሲጀምር "ስልኩ ስለተወሰደብህ ተናደሃል፣ አውቃለሁ" ብለው አንዴ ብቻ ይናገሩ፤ ከዚያ አጠገቡ ዝም ብለው ይቀመጡ። በመሃል ምክር አይስጡ፣ ለእሱ ምክሩም ጨዋታ ነው። ሊማታ ከሞከረ እጁን በቀስታ ይያዙ። ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ያለባትን ቅጽበት ይጠብቁና ወዲያው "ና፣ ውሃ ጠጣ" ብለው ይቀፉት።

4. የሠራውን ጠቅሰው ያመስግኑት። "ጎበዝ" ብቻ አይበቃም። "ስልኩን ስጠይቅህ ወዲያው ሰጠኸኝ፣ ጎበዝ የኔ ልጅ!" ሲሉት ምን እንዳስመሰገነው ያውቃል። ከረሜላ ግን አይጀምሩ፤ እኛ ቤት ጫማ ማድረግም በከረሜላ ሆኖ ነበር። ከስልኩ ቀጥሎ የሚሠራው ነገር ያዘጋጁለት። የኔው ልጅ ቡና ሲወቀጥ ረከቦቱ ላይ ሲኒ ይደረድራል፤ እጀታቸውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ እያዞረ፣ አንዷ ከተዛባች እንደገና ከመጀመሪያው።

ከበሽታ ወይም ዘመድ ቤት ሰንብቶ ከመጣ በኋላ ጸባዩ ሊመለስበት ይችላል። ያኔ ከሁለተኛው ደረጃ እንደገና ይጀምሩ።