እምቢ የሚል ላይብረሪ፦ ፓስኪን በፒኤችፒ እንዴት እንደምትሠራው

አንተ እያልኩ ስጽፍ ቅር አይበልህ፤ የድሬ ልጅ ነኝ፣ እኛ ጋ አንቱታ ብዙም የለም።

መጋላ ውስጥ ቅመም በጅምላ የምትሸጥ አክስት አለችኝ። የመጋዘን ቆጠራዋን የምትይዝበትን ፕሮግራም የሠራሁላት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ሱቋ ስገባ የይለፍ ቃሏ የዱቤ ደብተሯ ሽፋን ላይ በጉልህ ተጽፎ አየሁ። ብቆጣ "አንተ ቀላል ብትሰጠኝ መች እጽፈው ነበር!" አለችኝ። በጣት አሻራዋ እንድትገባ ፓስኪ (በይለፍ ቃል ፋንታ የሚያስገባ የዲጂታል ቁልፍ) የጀመርኩት ያኔ ነው። ከዚያ የወጣውን የፒኤችፒ ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ) ለሁሉም ክፍት ያደረግኩት ደግሞ ሌላው ተመሳሳይ ጣጣ ውስጥ እንዳይገባ ነው።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ሁለት ቁልፍ ይፈጥራል፤ ምስጢራዊው ለሰርቨርህ አይሰጥም፣ ይፋዊው ሰርቨርህ ላይ ይቀመጣል። አክስቴ ልትገባ ስትል ሰርቨሩ ቻሌንጅ (ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የዘፈቀደ ባይቶች) ይልካል፣ ስልኳ ፈርሞ ይመልሳል፣ አንተ ፊርማውን ትመረምራለህ። አሻራዋ ከስልኳ አይወጣም (ይህን አሥር ጊዜ አስምላኛለች)። ደንቡ ዌብኦተን ይባላል፤ የድር ደንቦችን የሚያወጣው ደብሊው3ሲ በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ነው።

ኮድ ከመጻፍህ በፊት ላይብረሪህ እምቢ ሊል የሚገባውን ሁኔታ ሁሉ ጻፍ። እኔ ይህን ሳላደርግ ጀመርኩና ትክክለኛው መንገድ ሲሠራ ጨረስኩ ብዬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ማታ ለጨዋታ ያህል ቀን ስልኩ የላከውን መልስ እንደገና ብልከው አስገባኝ! ቻሌንጁን ከተጠቀምኩበት በኋላ አልሰረዝኩትም ነበር። ስለዚህ ለቻሌንጁ በፒኤችፒው "random_bytes" 32 ባይት አውጣ፤ ደንቡ ቢያንስ 16 ይላል። ሴሽን (ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ውስጥ አስቀምጥ፣ ባነበብከው ቅጽበት ሰርዝ፣ ምርመራው ቢያልፍም ባያልፍም። ከዚያ ለያንዳንዱ ብልሽት ፈተና ጻፍ፦ ኦሪጅኑ (መልሱ የመጣበት ገጽ አድራሻ) የሌላ ድረ ገጽ ሲሆን፣ የምዝገባ መልስ በመግቢያ በኩል ሲመጣ፣ ከፊርማው አንዲት ባይት ስትቀየር። ብሮውዘሩን "አሻራ የግድ ነው" ብለህ መጠየቅ አይበቃም፤ ተጠቃሚው በአሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ መረጋገጡን የሚናገረውን ቢት ሰርቨሩ ላይም ተመልከት።

ከስልኩ የሚመጣው ዳታ መጀመሪያ 32 ባይት የዶሜይንህ ሃሽ (ከዳታ የሚሰላ ቋሚ ርዝመት ያለው ማጠቃለያ)፣ ቀጥሎ 1 ባይት ምልክቶች፣ ከዚያ 4 ባይት ቆጣሪ አለው። ከ37 ባይት ካነሰ ሳታመነታ መልሰው። ፊርማው ያረፈው በዚህ ዳታና ከኋላው በተቀጠለው የክላይንት ጄሰን (ብሮውዘሩ ቻሌንጁንና ኦሪጅኑን የሚጽፍበት ጽሑፍ) ሃሽ ላይ ነው። ጄሰኑን እንደመጣ ሃሽ አድርገው። እኔ ፈትቼ በፒኤችፒ መልሼ ስጽፈው እያንዳንዱ እዝባር (/) ፊት ሌላ ምልክት ተጨመረበትና ፊርማው አልገጥም አለ። ፒኤችፒ ካልከለከልከው እንዲያ ያደርጋል። በድሬ የከሰዓት ሙቀት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ክሪፕቶግራፊውን ራስህ አትጻፍ፤ ለዚህ ኦፕንኤስኤስኤል የሚባል ዝግጁ መሣሪያ አለ። ያንተ ሥራ ይፋዊውን ቁልፍ እሱ ወደሚያውቀው ቅርጽ መቀየር ብቻ ነው። ኢኤስ256 እና አርኤስ256 በሚባሉት የፊርማ ዓይነቶች ጀምር። የመሣሪያውን አምራች ማረጋገጥ ለአሁኑ እለፈው።

ስልክ ላይ ስትሞክር በ192.168 የሚጀምር አድራሻ አይሠራም፤ ፓስኪ ዶሜይን ይፈልጋል፣ ቁጥር አይቀበልም። ኮምፒውተርህ ላይ ሎካልሆስት ይበቃሃል፤ ለስልኩ ግን እውነተኛ ዶሜይንና ኤችቲቲፒኤስ አዘጋጅ። ክሮም ውስጥም ለመሞከሪያ የሚሆን ምናባዊ ቁልፍ አለ።

በየፊርማው ይጨምራል የሚባለው ቆጣሪ ደግሞ ያታልላል። ካለፈው ካልበለጠ ቁልፉ ተቀድቶ ይሆናል ይባላል፤ ነገር ግን በክላውድ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ የሚመሳሰሉ ፓስኪዎች ብዙዎቹ ሁልጊዜ 0 ነው የሚልኩት። የተቀመጠውም የመጣውም 0 ከሆነ አሳልፍ። እኔ አክስቴን በገዛ ሱቋ ደጅ ላይ ያስቀረኋት በዚህ ነው።

ስትለቅ ፈቃዱን ጻፍ፤ የእኔ ማንም በነፃ እንዲጠቀም የሚፈቅደው ኤምአይቲ ነው። ቀዳዳ ያገኘ ሰው በአደባባይ ከመጻፉ በፊት በግል የሚያሳውቅበትን አድራሻም አስቀምጥ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ቁልፉን ከተጠቃሚው ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ዓምድ አድርገህ አታስቀምጥ። ለብቻው ሠንጠረዥ ስጠውና አንድ ሰው ብዙ ቁልፍ ይኑረው። የአክስቴ ስልክ ሲጠፋ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዳ የሌላ ኩባንያ ስልክ ገዛች፤ የድሮዎቹ ቁልፎች አብረው አልመጡም። ደግነቱ የሱቁንም ኮምፒውተር አስመዝግቤ ነበር፤ በሱ ገብታ አዲሱን ጨመረች። "የጠፋውን ሰርዢው" ብላት ደብተሯን እያገላበጠች "ቢገኝስ?" አለችኝ።